እህቴ አይደለችም

ሮዳስን የሚያበሽቃት አንድ ቃል ነበር፤ «እህቴ»።

አማን ከተማ ባለው ቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ሁሉ እህትና ወንድም ናቸው፤ ወጉ ነው። አብሯት የሚዘምረው ኤፍሬም ግን ቃሉን ከአዳራሽ አውጥቶ መንገድ ለመንገድ ይዞት ይዞራል። ባጃጅ ላይ «እህቴ፣ ጠጋ በይ»፤ ዝናብ ሲመጣ «እህቴ፣ ጃንጥላውን ያዢ»። እንዲህ እያየኝ እንዴት እህቴ ይለኛል ብላ ትናደዳለች። ፈገግ ሲል ደግሞ ንዴቷን ትረሳዋለች።

ዘንድሮ ሁለቱም ውጭ አገር ላለ አንድ ዩኒቨርሲቲ አመለከቱ። መምህራቸው ጌታሁን አልሸነገሏቸውም። «ከፍሎ የሚማረውን ደስ ብሏቸው ይቀበላሉ። ሙሉ ድጋፍ የሚጠይቅ የውጭ ተማሪ ግን ዕድሉ ጠባብ ነው» አሏቸው።

የሁለቱም ቤት የክፍያውን ግማሽ እንኳ አይችልም። የሮዳስ አባት ሚዛን ገበያ ኮረሪማ ይሸጣሉ፤ የኤፍሬም አባት ሸዋ ቤንች ቡና ያለማሉ። አባቶቹ አይተዋወቁም፤ ስማቸው ግን አንድ ነው፤ ተረፈ።

መልሱ የመጣ ቀን ኤፍሬም ከሸዋ ቤንች በሚኒባስ ከንፎ መጣና ስልኩን ሰጣት።

«ሁለታችሁንም ተቀብለናል» ይላል መልእክቱ። «ሙሉ ድጋፍ የምንሰጠው ግን ከአንድ ቤተሰብ ለአንድ ልጅ ብቻ ነው። እህትና ወንድም ስለሆናችሁ፣ ማን እንደሚመጣ ተመካክራችሁ አሳውቁን።»

«እህትና ወንድም?»

«የማመልከቻ ድርሰቴ ላይ 'እህቴ ሮዳስ ሒሳብ አስጠናችኝ' ብያለሁ» አለ አንገቱን ደፍቶ። «የአባቶቻችን ስምም አንድ ሆነባቸው።»

ሮዳስ ሳቋ አመለጣት። እሱ አልሳቀም።

«አንቺ ሂጂ። እኔ ልቅር። አሁን አይደለንም ብንል ዋሽተዋል ብለው ሁለታችንንም ቢሰርዙንስ?»

ሳቋ ቀጥ አለ። ዕድሉን ሊሰጣት መቁረጡ ሆዷን አባባው፤ ግን በዚያ ቃል ተሸኝታ መሄድ አልፈለገችም።

«እኔ እህትህ ነኝ?»

ቀና አለ። ዓይኑን ከዓይኗ አልነቀለም።

«አይደለሽም።»

«እንግዲያው ጻፍላቸው።»

«ምንህ ናት ቢሉኝስ?»

«እሱን እኔም መስማት እፈልጋለሁ።»

«እህቴ የምልሽ እኮ ስምሽን ስጠራ ድምፄ እየተንቀጠቀጠ ስለሚያስቸግረኝ ነው። ሮዳስ...»

እውነቱን ነበር፤ ተንቀጠቀጠ። የሮዳስ አንጀት ቅቤ ጠጣ።

እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ። «ሮዳስ እህቴ አይደለችም። በቤተ ክርስቲያናችን እንዲህ እንጠራራለን። አባቶቻችን የሚጋሩት ስም ብቻ ነው። እሷ የምወዳት ልጅ ናት። ይህን ሳትጠይቁኝ የጻፍኩት እሷም እንድታነበው ነው።» ሮዳስ ደግማ አነበበችውና ራሷ ላከችው።

መልስ እስኪመጣ ምግብ አልበላ አላት። ሲመጣ ግን ለሁለቱም ሙሉ ድጋፍ ነበር፤ ከግርጌው ደግሞ «የቢሮው ሠራተኞች በሙሉ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለናል» የሚል ተጨምሮበታል።

ከመሄዳቸው በፊት ኤፍሬም የላካቸው ሽማግሌዎች እነሮዳስ ቤት መጡ። እሷ ጓዳ ሆና ጆሮዋን አቀናች።

«የማን ልጅ ነው?» አሉ አባቷ።

«የተረፈ» አሉ አንደኛው ሽማግሌ።

«የኔ ስም እኮ ነው!»

«አዎ፤ በሱ የተነሳ ፈረንጆቹ ወንድሟ መስሏቸው ነበር።»

አባቷ ከት ብለው ሳቁ። «ታዲያ ልጅቷ ምን ትላለች?»

ሮዳስ እስክትጠራ አልጠበቀችም፤ ከጓዳ ብቅ አለች።

«ወንድሜ አይደለም፣ አባዬ» አለች።