ማንም ያልጻፈው

የኔታ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ። ጉሮሮ ግን የላቸውም። የሦስት አውቶቡስ ርዝመት ያላቸው፣ በሰንሰለት እግር የሚሳቡ፣ በአልማዝ ጥርሳቸው ተራራ እየፈጩ ዋሻ የሚያወጡ ማሽን ናቸው። የእሳቸው ዓይነቱ ማሽን «ፍልፈል» ይባላል።

ጉሮሮ መጥረጉ የመጣው ከድሮ ሥራቸው ነው። አእምሯቸው ፍልፈሉ ላይ ከመገጠሙ በፊት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ቀለማቸው የተፋቀ ብራናዎችን ያነብ ነበር። የብራናዎቹ ጠባቂ ሽማግሌ ከማንበባቸው በፊት ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ስለነበር፣ ልማዱ ተጋባበት። የጠፋ ቀለም የሚያይ ዓይን የዓለት ስንጥቅም ያያል ተብሎ ነው እዚህ ተራራ ስር የገባው። ሠራተኛውም «የኔታ» ብሎ ስም አወጣላቸው፤ አንቱታውም አብሮ መጣ።

ወይንሸት ሾፌራቸው ናት። ሾፌር ትባል እንጂ የሷ ሥራ መንዳት ሳይሆን ማነጋገር ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ቁርስ በላሽ?» አሉ ያን ዕለት ጠዋት።

«በልቻለሁ የኔታ።»

«ዋሽተሻል። ሆድሽ ይሰማኛል።»

እውነታቸውን ነው። ጣሪያው ሊናድ ሲል ከማንም ቀድመው የሚሰሙት በዚሁ ጆሯቸው ነው፤ ሁለቴ «ውጪ!» ብለው አስወጥተዋታል፤ ሁለቴም ከኋላዋ ዓለቱ ወርዷል። ወይንሸት ፈገግ ብላ ዳቦዋን ከኪሷ አወጣች። ገና አንዴ ሳትገምጥ ግን የፍልፈሉ ጥርሶች መዞራቸውን አቆሙ።

«ምን ሆኑ?»

«ከፊቴ ጽሑፍ አለ።»

መብራቷን ይዛ ከፍልፈሉ ላይ ወረደች። ከፍልፈሉ አፍ ፊት ለፊት ሮዝማ ዓለት ቆሟል። በላዩ ላይ ግራጫ መስመሮች ተሰድረዋል፤ ቀጥ ያሉ፣ የተሰበሩ፣ እንደ መንጠቆ የታጠፉ፣ ረድፍ በረድፍ። አንድ የጥንት ጸሐፊ ብዕሩን አሁን ያነሳ ይመስላል። የወይንሸት እጅ ሳታዘው ተዘርግቶ መስመሩን ተከተለ።

«ምን ይላል?» አሉ የኔታ። «በማውቃቸው ፊደሎች ሁሉ ሞከርኩት፤ እምቢ አለኝ።»

«ጽሑፍ አይደለም የኔታ፣ ድንጋይ ነው። ሁለት ማዕድኖች ቀልጠው አብረው ሲቀዘቅዙ አንዱ ለሌላው ቦታ አልለቅም ይላል። እንዲህ ተጠላልፈው ይቀራሉ። ባለጽሑፍ ግራናይት ይሉታል፤ በስልጠናችን ላይ አሳይተውናል።»

«ይሆናል። ግን እኔ ያነበብኳቸው ብራናዎች መጨረሻቸው ላይ ልመና አላቸው። ይህን የምታነብ ሆይ፣ የጻፍኩትን እኔን አስበኝ ይላሉ። ይህም እንደዚያ የሚል ቢሆንስ? ሳይነበብ አልፈጨውም።»

የሥራው ኃላፊ ኢንጂነር ገልገሎ በሬዲዮ ተጣሩ። «ለምን ቆመ?»

«ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ አለ ብለው ነው የቆሙት።»

«ማሽን ነው ወይንሸት፤ ቆሙ አትበይኝ። ታች ያለው ከተማ በዚህ ዋሻ የሚመጣለትን ውሃ እየጠበቀ በወረፋ ነው የሚጠጣው። ከሰዓት እወርዳለሁ። እስከዚያ ካልተንቀሳቀሰ ልበ ቋቱን ነቅዬ አዲስ አስገባለሁ።»

ልበ ቋት ማለት ማሽን የኖረውን ሁሉ የሚያኖርባት፣ ከጡጫ የማትበልጥ እንክብል ናት። አዲሷም ዓለት ትፈጫለች። ጉሮሮ መጥረግ ግን አታውቅም፤ ቁርስ በላሽ ወይ ብላም አትጠይቅም።

«የኔታ፣ ሊነቅሉዎት ነው እኮ። በእኔ ሞት፣ ይፍጩት።»

«ሰምቻለሁ። አንቺ ዳቦሽን ጨርሺ።»

ዳቦዋን ወደ ኪሷ መለሰችው።

ከሰዓት ኢንጂነር ገልገሎ አዲሷን ልበ ቋት በሣጥን ይዘው፣ በቦት ጫማቸው ጭቃውን እያንቦጫረቁ መጡ። ቁጣቸው ከሩቅ ያስታውቃል።

«የታለ ይሄ ድንጋይ?»

መብራታቸውን አነሱ። አንገታቸውን ወደ ግራ አዘነበሉ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው መልሰው አደረጉ። ሣጥኑን መሬት ላይ አስቀምጠው ተጠጉና ጣታቸውን በሦስተኛው ረድፍ ላይ ቀስ እያሉ አስኬዱ።

«ምን ይላል?» አሉ በለሆሳስ።

ወይንሸት መብራቷን አቀረበችላቸው።

«ይቺ ‹ረ› አትመስልሽም? ከሷ ቀጥሎ ያለችው ደግሞ...» ጣታቸው አየር ላይ ቀረ። ዞረው አዩዋት።

«ጋሼ፣» አለች ወይንሸት፣ «እርስዎንም እንንቀልዎት?»

ኢንጂነሩ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ቀጥሎ በሙሉ ሆዳቸው ሳቁ፤ ዋሻው ሳቁን ተቀብሎ መለሰው። ሳቁ ሲያባራ የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ኢንጂነር፣ የጻፈው አለ?»

«የለም የኔታ።» «የኔታ» የሚለው ስም ከአፋቸው ሲወጣ ለራሳቸውም አልታወቃቸው። «እሳት ነበር፣ ቀዘቀዘ። ማንም አልጻፈውም።»

«ታዲያ አሁን ምን እያነበቡ ነበር?»

ኢንጂነር ገልገሎ ራሳቸውን አከኩ። «እኔ እንጃ። ሰው አይደለሁ? እንዲህ ያለ መስመር ሳይ የሆነ ሰው የጠራኝ ይመስለኛል።»

«እኔንም እንደዚያው ነው ያደረገኝ» አሉ የኔታ።

ወይንሸት የማሽኑን ቀዝቃዛ ጎን በመዳፏ ነካች። ሲብላላባት የዋለው ነገር አሁን ገባት። የኔታ አልተበላሹም። እንደ ጉሮሮ መጥረጉ ሁሉ፣ ይህም ከሰው የተጋባባቸው ነው።

«እንግዲህ ሦስታችንም አንብበነዋል» አሉ የኔታ። «ሰው ቢጽፈውም ባይጽፈውም፣ ሳይነበብ አልቀረም። ፈቀቅ በሉልኝ።»

የኔታ መጀመሪያ የበር ያህል ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ ከዓለቱ ላይ፣ እንደ ብራና ገጽ ተጠንቅቀው ቆርጠው ወደ ጎን አቆሙ። ከዚያ ጥርሶቹ መዞር ጀመሩ። ኢንጂነሩ ሣጥናቸውን እንደታሸገ ብብታቸው ስር ይዘው ወደ ላይ ተመለሱ።

ማንኛውም ፍልፈል የዕለት ሥራው ሲያበቃ የቆፈረውን የዓለት ዓይነት ጽፎ ይልካል። የዚያን ዕለቱን ወይንሸት ጫማዋን እያወለቀች አነበበችው፦

«ባለጽሑፍ ግራናይት። የጻፈው የለም። ያነበቡት፦ ወይንሸት፣ ገልገሎ፣ እኔ። ይህን የምታነብ ሆይ፣ አስበን።»