መርዶ ያልመጣለት ሠራተኛ

ይሄ የሆነ ነገር ነው። ያላመነ ቆቦ ሄዶ ይጠይቅ። ፎቁም አለ፣ ያዩት ሰዎችም በሕይወት አሉ።

ደግሞ አስፈሪ ታሪክ ሲባል ሌሊት፣ ጅብ፣ መቃብር እንዳትጠብቁ። ይሄ የሆነው በቀን ነው። ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ቆቦ ላይ ውሻ እንኳ ከጥላ በማይወጣበት በዚያ ጠራራ...

ፍሬዓለምን ላስተዋውቃችሁ። ጎበዝ ናት፣ ግትር ናት፣ በቀላሉ የምትደነግጥ ሴት አይደለችም። ከጓደኛዋ ከታሂር ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው ተምረው አገራቸው ተመለሱና ከአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከመድኃኒት ቤት በላይ አንዲት ክፍል ተከራዩ። ድርጅታቸውን «ዘብ» አሉት። ሥራቸው የሰው ኮምፒውተር እንዳይጠለፍ መጠበቅ ነው።

መጀመሪያ ሰው ሳቀባቸው።

«የኮምፒውተር ዘበኛ? ታዲያ ዱላችሁ የታለ?»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። አንድ የጎብዬ ነጋዴ ፌስቡኩ ተጠልፎ በስሙ ዘመድ አዝማድ ገንዘብ ሲለመን፣ ታሂር በአንድ ከሰዓት አስመለሰለት። ወሬ መቼ ይቆማል! ሮቢት ሰማ፣ ዋጃ ሰማ፣ ወልድያ ሰማ። ማኅበራት መጡ፣ ክሊኒክ መጣ። ሁለተኛ ክፍል ተከራዩ፣ ተዋቸው የሚባል ባለሙያም ቀጠሩ።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ።

ታሂር የደንበኞቹን ፋይል ቅጂ ጃኬቱ ውስጥ ሸሸገና «ይሄ ከጠፋ ዘብ የለም» ብሎ በክረምቱ ዝናብ፣ በዋጃ ጥቁር ጭቃ በኩል ወጣ።

እንደወጣ ቀረ። ሞተ ያለ የለም። አለ ያለም የለም።

አገር ሲረጋጋ ፍሬዓለም ከተሰደደችበት ተመለሰች። ክፍሉ ተዘርፏል፤ ሽቦው ሳይቀር ተነቅሏል። ቁጭ ብላ አለቀሰችና እንደገና ከባዶ ጀመረች። ደንበኛም አንድ አንድ እያለ ተመለሰላት።

አሁን ልብ በሉ። የዚህ ሥራ የመጀመሪያው ሕግ፣ ሠራተኛ ከሌለ ኢንተርኔት ላይ ያለው መግቢያው በዚያው ቀን ይዘጋል። ስሙም የይለፍ ቃሉም ይሰረዛል። ለደንበኛ ሁሉ የምታስተምረው ይሄንኑ ነው።

የታሂርን ግን አልዘጋችም።

እንዴት ትዝጋው? መርዶ አልመጣማ! በእኛ አገር መርዶ ሳይነገር ሰው አይሞትም። ሽማግሌ ተሰብስቦ በማለዳ በር ሳያንኳኳ ማን ደፍሮ «ነበር» ይላል? እናቱ እማማ ዚነት ደግሞ ቤታቸው ከመንገዱ ማዶ ነው። በየጊዜው ብቅ ይላሉ።

«ፍሬ፣ የልጄ ቦታ አለ አይደል?»

«አለ እማማ።»

«አልሰረዛችሁትም?»

«ኧረ በፍጹም!»

«አላህ ይጠብቅሽ ልጄ።»

ይህን ቃል ከሰጠች በኋላ እንዴት ብላ ትሰርዘው!

ነገሩ የጀመረው ከሮቢት ነው። እዚያ ያለው የገበሬዎች ማኅበር ትልቁ ደንበኛቸው ነው፤ የዘብ እንጀራ በሉት። ኃላፊው አቶ ሙሉጌታ ደወሉ።

«ፍሬዓለም፣ ኮምፒውተራችን ውስጥ ሰው እየገባ ነው። ሁልጊዜ በቀትር።»

«ምን ወሰደባችሁ?»



«ምንም። የተበላሸውን አስተካክሎ ነው የሚወጣው...»

ሌባ ይሰርቃል እንጂ ይጠግናል እንዴ?

ቀጥሎ ክሊኒኩ ደወለ። ያው ነው። በቀትር ይገባል፣ ያስተካክላል፣ ይወጣል። የጎብዬው ነጋዴ ይህን ሲሰማ «ዘብ ራሱ ዘብ ካስፈለገው እኔን ምን ሊጠቅመኝ ነው» ብሎ ተሰናበተ። ሌሎችም ተከተሉት።

ተዋቸው የሚገባው ማን እንደሆነ ሲፈልግ ቆየና ፊቱ ተለወጠ።

«ፍሬ... በታሂር ስም ነው የሚገባው።»

«የይለፍ ቃሉን ሰርቀውት ነዋ! ቀይረው።»

ቀየረው። አዲሱን ቃል ለእሷ እንኳ አልነገራትም።

በማግስቱ፣ ቀትር ላይ፣ ታሂር ገባ። በአዲሱ ቃል።

«ከየት ሆኖ ነው?» አለችው።

ተዋቸው በጣቱ ወለሉን ጠቆመ።

«ከዚህ... ከዚህ ክፍል ነው የሚለው።»

ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ሰው የለም።

የዚያን ዕለት አቶ ሙሉጌታ የመጨረሻ ቃላቸውን ተናገሩ። ነገ ያ ሰው ከገባ ውላችን ፈርሷል አሉ። ሮቢት ከሄደ ደግሞ ዘብ አለቀለት።

ፍሬዓለም የልጃቸውን መግቢያ መዝጋት ግድ እንደሆነባት ልታስረዳቸው አስባ ወደ እማማ ዚነት ቤት ተሻገረች። የታሂርን ስም ልታነሳ ስትል አሮጊቷ ቀደሟት።

«ሰሞኑን እኮ ልቤ እርግት አለልኝ። ቀትር ሲሆን፣ እንጃ ምን እንደሆነ፣ የሆነ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ይመስለኛል።»

ፍሬዓለም ያሰበችውን ዋጥ አድርጋ ተመለሰች።

በነጋታው ከተዋቸው ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጡ። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የጎዳናው ድምፅ ጠፋ። ባጃጅ የለም። አይሱዙ የለም። በሙቀት ሲንጣጣ የነበረው የጣሪያ ቆርቆሮ... እሱም ዝም አለ።

«ሰማሽ?» አለ ተዋቸው በሹክሹክታ።

«ምኑን?»

«ምንም አይሰማም እኮ...»

ፍሬዓለም ክንዷን አየች። ጠጉሯ ቆሟል። ቆቦ ላይ፣ በዚያ ቀትር፣ በረዳት።

የታሂር ስም ስክሪኑ ላይ መጣ።

ገባ።

«ዝጊው!» አለ ተዋቸው። «በእናትሽ ዝጊው!»

እጇን ዘረጋች። ያኔ ሠራተኞቹ መልእክት በሚለዋወጡበት ቦታ ላይ ጽሑፍ መምጣት ጀመረ። ፊደል በፊደል፣ ቀስ እያለ፣ እንደደከመው ሰው...

«ፍሬ አትዝጊው»

ቆመ።

ከዚያ ቀጠለ።

«ሌላ መግቢያ የለኝም»

እንባዋ ቀደማት። ታሂር ነው? ወይስ ስማቸውንም ሐዘናቸውንም የሚያውቅ ክፉ ሌባ? «የት ነህ?» ብላ ጻፈች።



ስልኳ ጮኸ። አቶ ሙሉጌታ ናቸው።

«ገብቷል! እያየሁት ነው! ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቁት?»

ተዋቸውን አየችው። ላብ በላብ ሆኗል። ከባዶ የተነሳውን ሥራ አሰበች። ታሂር ራሱ ለዚህ ሥራ ብሎ ነው የወጣው። ይሄን አሳልፋ ብትሰጥ በምን ዓይኗ እናቱን ታያለች? ብትዘጋውስ በምን ዓይኗ ታያቸዋለች?

«ይቅር በለኝ» አለችና ሰረዘችው።

ስሙ ጠፋ። ጎዳናው ተመለሰ፤ ባጃጁም፣ ጡሩምባውም፣ ቆርቆሮውም። ተዋቸው ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። እንዲያውም ሊስቅ ዳድቶት ነበር።

ያኔ ከመንገዱ ማዶ እሪታ ተሰማ።

የአገሬ ሰው የመርዶ እሪታን ከሌላው ለይቶ ያውቀዋል። ይሄ እሱ ነው።

ፍሬዓለም ደረጃውን እንዴት እንደወረደች አታውቅም። እማማ ዚነት ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ደረታቸውን ይደቃሉ። ጎረቤት ገና ከየቤቱ መውጣቱ ነው። መርዶ ነጋሪ ሽማግሌ የለም። አጠገባቸው ማንም የለም።

«እማማ! ማን... ማን ነገረዎ?»

አሮጊቷ ቀና አሉ።

«እሱ ራሱ ነዋ! ልጄ! ‹እማ፣ ከእንግዲህ አትጠብቂኝ› ብሎ አቅፎኝ... አሁን እኮ ነው! በአጠገብሽ አለፈ እኮ! አላየሽውም?»

ፍሬዓለም ዞር አለች። በመጣችበት በኩል ሰው የለም።

ልታቅፋቸው ጎንበስ አለች... እጇ አየር ላይ ቀረ።

ቆቦ ዝናብ ካየች ወራት ሆኗታል። ምድሩ አመድ መስሏል።

በእማማ ዚነት ነጭ ነጠላ ላይ፣ ከትከሻቸው ዝቅ ብሎ፣ የሰው መዳፍ ታትሟል። አምስቱም ጣት ይለያል። ጥቁር ጭቃ ነው።

ገና ይንጠባጠባል...