ኤልያቄም ስጦታ ሲሰጥ

ሌላው ሰው ለሚወዳት ልጅ ሽቶ ይገዛል። የእኔው ኤልያቄም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰጠኝ ስጦታ የእሳት ማጥፊያ ነው። ቀዩን፣ ከባዱን፣ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ጠቅልሎ፣ አናቱ ላይ ሪባን አስሮ።

ያን ጊዜ ከተዋወቅን ገና አንድ ቀናችን ነበር። ሀይሌ ጋርመንት፣ አደባባዩን አለፍ ብሎ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ መጋረጃ የምሰፋባት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ሐሙስ ረፋድ ላይ ካውያዬን ስሰካ ሶኬቱ ጢስ ተፋ። የሕንፃው ጥበቃ «ለቡ መብራት ኃይል የሚኖር ጎበዝ ኤሌክትሪሺያን አውቃለሁ» ብሎ ደወለለት። መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉሩ ላይ የሲሚንቶ ብናኝ ያለበት ልጅ። ሶኬቱን ከመንካቱ በፊት ሱቄን ዙሪያዋን አያት፤ የተሰቀሉትን መጋረጃዎች፣ የተከመረውን ጨርቅ፣ በአንድ ማከፋፈያ ላይ የተደራረቡትን ገመዶች። ከዚያ እኔን አየኝ። ዓይኖቹ ትልልቅ ናቸው፤ እውነቱን ለመናገር ደንገጥ አልኩ።

«እዚህ ውስጥ ነው የምትውዪው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ሙሉ ቀን?»

«አዎ፤ ምነው?»

«ምንም።»

ዝም አለ። እኔም ሞኟ ዝምታውን በውበቴ የተነሳ አድርጌ ቆጠርኩት። ምን ሲያስብ እንደነበር የገባኝ በማግስቱ ያን ቀይ ነገር አቅፎ በሬ ላይ ሲቆም ነው።

ከዚያ ልደቴ ደረሰ። ጓደኞቼ አንድ ኬክ ቤት ሰብሰብ ብለው ሲያከብሩልኝ ኤልያቄም ከሁሉም ዘግይቶ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ትልቅ ካርቶን ተሸክሞ ገባ። ስጦታ በሰጪው ፊት አይከፈትም፤ አመስግኖ ወደ ጎን ማስቀመጥ ነው ወጉ። ኤልያቄም ግን የገጠመውን ዕቃ ሳይሞክር ከሰው ቤት ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

«ክፈቺው፤ ይሞከር» አለ።

ከፈትኩት። የጀርባ መደገፊያ ያለው ወንበር ነው። በኬክ ቤቱ ሰው ሁሉ ፊት «ተቀመጪበት» አለኝ።

«ስትሰፊ ትጎብጫለሽ» አለ ከፍ ባለ ድምፅ። «ከሰዓት በኋላ ወገብሽን በእጅሽ ደግፈሽ ነው የምትሠሪው።»

ጓደኛዬ ምስጢር ሳቋን መያዝ አቅቷት የምትጠጣው ጭማቂ በአፍንጫዋ ወጣ። ሃያ ስድስት ዓመት በሞላኝ ቀን ጎባጣ መባል አላማረኝም። ሳምንት ሙሉ ስልኩን አላነሳሁም። በዚያው ሳምንት ወገቤ መታመሙን አቆመ፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አናደደኝ።

በስምንተኛው ቀን ራሴ ደወልኩ። «ወንበሩ ይነቃነቃል» ብዬ ዋሸሁ። መጥቶ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቀ። አንዱም እንዳልላላ እያወቀ ግማሽ ሰዓት ሙሉ አጠበቀ። ቀና ሲል ተያየን። ከዚያች ግማሽ ሰዓት በኋላ ለምስጢር «ፍቅረኛ ይዣለሁ» ብዬ ነገርኳት።

ጣጣው የመጣው እኛ ቤት ሲደርስ ነው።

አባቴ ኮርሳ፣ ፉሪ ተወልዶ ፉሪ ያረሰ ሰው ነው። ያረሰው ላይ ቤት ተሠርቶበት ዛሬ የቀረችው ከጓሮ ያለች የጎመን መደብ ናት። እናቴ ቡዜ ደግሞ ከእኩዮቿ መሃል ፊደል የቆጠረችው እሷ ብቻ ናት። የሰፈሩን ሴቶች ደብዳቤ ስታነብ የኖረችው እሷ፣ በማኅበራቸው የሚነበብ ነገር ሲኖር ቀድማ የምትጠራው እሷ። ጠዋት ጠዋት በረንዳ ላይ ተቀምጣ ዳዊቷን ስትደግም ማንም አያናግራትም። ኩራቷ ይሄ ነው።

ኤልያቄም ኅዳር ላይ የቤታችንን የመብራት መስመር ሊጠግን መጥቶ አንድ ጠዋት መሰላል ላይ ዋለ። ለገና ስጦታ ይዞ ተመለሰ። ሳሎኑ በጎረቤት ሞልቷል። የእናቴ ማኅበርተኞች በሙሉ አሉ።

«እትዬ ቡዜ፣ ይክፈቱት፤ ይሞከር» አለ።

ተው ልለው ጠቀስኩት። ሁሉን ነገር የሚያይ ሰው የእኔን ጥቅሻ ግን አያይም። እናቴ ፈገግ እንዳለች ከፈተችው። የማንበቢያ መነጽር ነው።

«መነጽር ምን ያደርግልኛል? ዓይኔ ደህና ነው።»

«አይደለም፣ እትዬ» አለ ኤልያቄም፣ ለበጎ አስቦ፣ እግዜር ይይለት። «ያን ዕለት መሰላል ላይ ሆኜ አይቼዎታለሁ። አንድ ሰዓት ሙሉ ዳዊት ሲደግሙ ገጹን አንዴም አልገለጡም።»

አንዷ ጎረቤት አሳላት። ሌሎቹ ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ። እናቴ ዓይኗ ከደከመ መቆየቱን፣ መጽሐፉን ገልጣ የምትለው ሁሉ በቃሏ መሆኑን እኔም፣ አባቴም፣ ማኅበርተኛውም በአንድ ላይ አወቅን። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

እናቴ መነጽሩን ወደ መያዣው መለሰች። «እግዜር ይስጥልኝ» አለች፣ ፊቷ ጠቁሮ። እንግዳው ሲወጣ ደግሞ «ይሄ ልጅ ሁለተኛ ደጄን እንዳይረግጥ» አለችኝ።

በማግስቱ ሱቄ መጣ። ደሜ ፈልቶ ጠበቅኩት።

«ምን በደልኩ?» አለ።

«በሰው ፊት!»

«ዓይናቸው እኮ ደክሟል፣ አያንቱ።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ! ሰው የደበቀውን ነገር ጠቅልለህ ለራሱ አትሰጠውም!»

ግንባሩን ቋጥሮ አሰበ። «ታዲያ ምን ይሰጣል?»

«ማንም የሚሰጠው ነገር!»

«እሱንማ ማንም ይሰጣል» አለኝ፣ በጣም ረጋ ብሎ። የጨርቅ መለኪያው እንጨት እጄ ላይ ነበር፤ እንዴት እንዳተረፍኩት አላውቅም።

ከጥምቀት በኋላ አጎቱን አቶ ገብረ መድኅንን አስቀድሞ ሦስት ሽማግሌ ላከ። አባቴ በክብር ተቀበላቸው። «እኔ በልጁ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። የእናቷ ልብ ግን አልተመለሰም። እስከ ፋሲካ እንይ» ብሎ ሸኛቸው። እናቴ እንቢ ካለች አባቴም እንቢ ማለቱ ነው። እኔ ደግሞ የወላጆቼን ቃል ረግጬ የምወጣ ልጅ አይደለሁም። በፋሲካ ካልተስተካከለ በቃ፣ አለቀ።

በጾሙ መሃል አንድ ጠዋት ጓሮ ስወጣ እናቴን አየኋት። ከጎመኑ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጣለች። መነጽሩን አድርጋለች። ዳዊቷን ታነባለች፤ ገጽ ትገልጣለች፣ ደግሞ ትገልጣለች። ድምፄን ሳላሰማ ወደ ኋላዬ ተመለስኩ። እሷም ለማንም አልተናገረችም፤ ኤልያቄምን ይግባ አላለችም።

ስለዚህ ነገሩን በእጄ ያዝኩት።

«ለአባዬ ጋቢ» አልኩት ለኤልያቄም። «ለእማዬ ነጠላ። ለቤቱ አንድ ጠርሙስ ውስኪ። በበዓል የመጣ እንግዳ አይመለስም፤ ስለዚህ ታስገባሃለች። አይከፈትም። አይሞከርም። ያየኸው ነገር ቢኖር አላየህም። አፍህን የምትከፍተው ለምግብ ብቻ ነው።»

«እሺ።»

«ማልልኝ።»

«ማርያምን።»

የፋሲካ ዕለት ረፋዱ ላይ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መጣ። ጎንበስ ብሎ ሳማቸው፣ ስጦታዎቹን በሁለት እጁ ሰጠ፣ ጥግ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሲቀርብለት በላ። ሲጠየቅ «አዎ»፣ «ደህና ናቸው»፣ «ተመስገን» አለ። እንግዳ ገና አልመጣም፤ አራታችን ብቻ ነን። እንዳዘዝኩት ልክ እንደ ማንም ሰው ሆኖ ሲቀመጥ ሳየው ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። አንጀቴን በላው እንጂ ደስ አላለኝም።

እናቴ ግን ማንም ሳይጠይቃት ነጠላዋን ከወረቀቱ አወጣች። «ቆንጆ ነው» አለች። ፌስታሉን ገልብጣ እንደገና አየች። «ይሄው ነው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ተቀይመኸኛል ማለት ነው።»

«ኧረ እኔ አልተቀየምኩም!»

«ባትቀየምማ ይሄን አታመጣልኝም ነበር። ይሄን የኮርሳ እህትም በየዓመቱ ታመጣልኛለች።»

«እማዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ደጄን አይርገጥ ያልሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«በሰው ፊት ነዋ ያሳፈረኝ! ዛሬ ማን አለ?»

ሦስት ወር ሙሉ እንቅልፍ ያጣሁት ለዚህ ነው። የትኛቸው ላይ እንደምጮህ ግራ ገብቶኝ ቆምኩ።

«ሜ፣ ልጄ» አለ አባቴ ወደ ኤልያቄም ዞሮ። እስቲ ማለቱ ነው፤ ነገር ሲከብደው ወደ ኦሮምኛው ይሄዳል። «የአንተ ዓይን አያርፍም። እዚህ ቤት ያየኸው ሌላ ነገር አለ?»

ኤልያቄም እኔን አየኝ።

«እሷን ምን ታያታለህ? ተናገር።»

«አስምላኛለች፣ ጋሼ።»

«እኔ ፈትቼሃለሁ።»

እጆቹን ጉልበቱ ላይ አሻሸ። «ከተጋባን ለቡ እንከራያለን ተባብለን ነበር። እኔ ግን እዚሁ ፉሪ፣ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ አንድ ቤት አይቻለሁ።»

«ምን?» አልኩ። የለቡውን ቤት መጋረጃ ሳይቀር ለክቼ ጨርሻለሁ። «ሳትነግረኝ?»

«ጋሽ ኮርሳ በየቀኑ አመሻሹ ላይ ማዞሪያው ጋ ይቆማሉ» አለ። «ስሸኝሽ አያቸዋለሁ። ከታክሲ ስትወርጂ ቶሎ ብለው እዚያው ወዳለው ሱቅ ይዞራሉ፤ የጠበቁሽ እንዳይመስል።»

«ሳሙና ልገዛ ነው» አለ አባቴ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ።

«በየቀኑ?» አለች እናቴ።

«ሳሙና ያልቃል።»

እናቴ ወደ ጓዳው በር አየች። ጓዳችን ውስጥ የተደረደረውን ሳሙና ስለምታውቅ ነው።

እኔ ግን እልህ ይዞኛል። «እሱ የአባዬ ነው። የእኔስ? እኔ የምፈልገውን ማን አየልኝ?»

ኤልያቄም ቀና ብሎ አላየኝም። ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አንቺ ታክሲው ከመቆሙ በፊት በመስኮት አንገትሽን አስግገሽ ትፈልጊያቸዋለሽ። ስታዪያቸው ያላየሽ መስለሽ ትወርጃለሽ። የካቲት ውስጥ አንድ ቀን ጋሼ አሟቸው ቀሩ። አንቺ እኔን ረስተሽኝ እስከ ቤት ሮጥሽ። አንዱ ጫማሽ ወልቆ እንኳን አልዞርሽም። እኔ ነኝ አንስቼ በማግስቱ ሱቅሽ ያመጣሁልሽ።»

ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። እናቴ የገና ዕለት ምን እንደተሰማት አሁን ገባኝ። አባቴ ፊቱን ከግድግዳው መልሶ አየኝ፤ እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ሱቅ ከከፈትኩ ጀምሮ እሱ ሳሙና ይገዛል፣ እኔም አላየሁህም እላለሁ፤ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አንድ ቃል ተነጋግረን አናውቅም። ይሄን ኤልያቄም የሚባል ሰው በዚያች ሰዓት ጠላሁት። በዚያችው ሰዓት ደግሞ ከእሱ ሌላ ሰው ላገባ እንደማልችል አወቅኩ።

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ይሄ ያልከው ቤት» አለ፣ «መስኮቱ በየት በኩል ነው?»

«በመንገዱ በኩል ነው፣ ጋሼ። ማዞሪያው ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቁልፉ አከራይዋ ጋ ነው።»

«ታዲያ አከራይዋም በበዓል ቀን ቤቷ ነው የምትገኘው» አለችና እናቴ አዲሱን ነጠላ ተከናነበች። «ተነስ፣ ኮርሳ፣ ጫማህን አድርግ። አንተ ደግሞ» አለችው ኤልያቄምን፣ «ለአጎትህ ንገራቸው፤ ሽማግሌዎቹን ይዘው በሚመጣው እሁድ ይምጡ።»

«ቆይ፣ እኔን የሚጠይቅ የለም?» አልኩ።

ኤልያቄም ብቻ ቆሞ ቀረ። «እየጠየቅኩሽ ነው» አለኝ። «ካልፈለግሽው ይቅር፤ ለቡ እንሄዳለን።»

አየሁት። ትልልቅ ዓይኖቹን አየሁ፣ ከኋላው አንድ እግሩ ጫማ ውስጥ አንድ እግሩ ውጭ ሆኖ መልሴን የሚጠብቀውን አባቴን አየሁ።

«ኩሽናው ጠባብ ከሆነ አልገባም!» አልኩና ከሁሉም ቀድሜ ከግቢው ወጣሁ።