ሁለቴ የተጠራሁበት ጉድጓድ

እኔ የጋኔን ወሬ ሲነሳ ሳቄ የሚቀድመኝ ሰው ነኝ፤ ሚስቴ «አንተ ደግሞ ምን ታምናለህ?» ትለኛለች፣ እውነቷን ነው። ግን ይሄንን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁት፣ ታዲያ ምን ላድርግ?

የምሠራው እዚህ እስራኤል፣ ሐደራ ከተማ ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ አንድ የጭማቂ ፋብሪካ ነው። ዕለቱ ዓርብ ነበር፣ ሰንበት ሳይገባ ቤታችን ለመድረስ ስንጣደፍ ጓሮ ያለው የእጣቢ ውኃ ጉድጓድ ፓምፑ ተዘጋ። ባዬ የሚባል የሥራ ጓደኛችን፣ ከጎንደር ከመጣ ገና ሦስት ዓመት ያልሞላው የአራት ልጆች አባት፣ ማንንም ሳይጠይቅ በመሰላሉ ወረደ። ብዙም ሳይቆይ አብሮን የሚሠራው ወንድሙ ታከለ ሲጮህ ሰማሁና ሮጬ ደረስኩ። ባዬ ከታች በጎኑ ወድቋል፣ አይንቀሳቀስም። ታከለ አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አድርጓል፣ ቀበቶውን ይዤ ጎተትኩት።

«ልቀቀኝ ሺሞን! ወንድሜ እኮ ነው!»

«ሬጋ፣ ቆይ አልኩህ! ታች ጋዝ አለ፣ ብትወርድ ሁለት ሬሳ ነው የምናወጣው!»

በአንድ እጄ እሱን፣ በሌላው ስልኬን ይዤ እሳት አደጋ ደወልኩ፣ ሰው ጉድጓድ ውስጥ ራሱን እንደሳተ፣ የአየር ጭምብል ይዘው እንዲመጡ ነገርኳቸው። ይህን ያወቅሁት በየዓመቱ እያዛጋሁ ከምቀመጥበት ሥልጠና ነው። ግን እመኑኝ፣ ሰው ዓይናችሁ እያየ ሲሞት ቆሞ መጠበቅ እንዴት አንጀት እንደሚያቃጥል ማንም አያሠለጥናችሁም።

«እስኪመጡ ይሞትብኛል» እያለ ታከለ መሬት ላይ ተቀመጠ። አለቃቀሱን ሳይ አላስቻለኝም፣ ያ ሁሉ ሥልጠና ከጭንቅላቴ ጠፋ፣ ትንፋሼን ይዤ ወርጄ ገመድ ላስርበት ቆርጬ መሰላሉን ጨበጥኩ።

ከታች ተጠራሁ።

«ስንሻው!»

ድምፁ የባዬ ነው። አሁን ልብ በሉ፣ ስንሻው የልጅነት ስሜ ነው፣ በሱዳን በኩል መጥተን እዚህ ስንገባ መዝጋቢዋ ሺሞን ብላ ጻፈችኝና በዚያው ቀረሁ። ስንሻው እያለች የምትጠራኝ እናቴ ብቻ ነበረች፣ እሷም ካረፈች ሃያ ዓመት አለፋት። ልጆቼ እንኳ የማያውቁትን ስም ባዬ ከየት ያመጣዋል?

እናቴ ደግሞ፣ እንደ አገራችን ሰው፣ «ጠሪህን ሳታይ አቤት አትበል» ትለኝ ነበር፤ ሰው ከሆነ ሦስቴ ይጠራሃል፣ ሌላ ነገር ከሆነ ሁለቴ ጠርቶ ይተዋል ትላለች። እስቅባት ነበር።

«ስንሻው!»

አፌ ለአቤት እንደተከፈተ ቀረ። እጄ መሰላሉ ላይ ደርቆ ሦስተኛውን ጠበቅሁ፣ ከታች ግን ውኃው ሲንጠባጠብ ብቻ ይሰማል።

«ስንሻው ማነው?» አለኝ ታከለ ከኋላዬ።

እሱም ሰምቷል። ከጉድጓዱ አፍ ሸሽቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩት፣ እሳት አደጋዎቹ የደረሱት እንደተያያዝን ነው። ጭምብል አጥልቀው ወረዱና ባዬን አወጡት፣ ነፍሱ አለች። አንደኛው ወደ እኔ ዞሮ «ወርዳችሁ ቢሆን ማናችሁም አትተርፉም ነበር» አለኝ።

ባዬ በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ነቃ። ስንሻው የሚባል ሰው ታውቃለህ ብዬ ስጠይቀው ግራ ገብቶት አየኝ። ሐኪሟም ጉድጓዱ ውስጥ ወዲያው ራሱን ስለሳተ መናገር አይችልም ነበር አለች። ታከለ አንገቴን አቅፎ አለቀሰ፣ እኔም አብሬው አለቀስኩ፣ ከደስታው ይልቅ ፍርሃቱ ይበዛ ነበር መሰለኝ።

አሁን ጉድጓዱ በብረት ክዳን ተዘግቷል። ዓርብ ዓርብ ከሥራ ስወጣ በዚያ በኩል እዞርና ትንሽ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሦስተኛ ተጠርቼ ቢሆን በባዬ ድምፅ የጠራችኝ እናቴ እንደነበረች አውቅ ነበር፣ ሁለቴ ብቻ ስለሆነ ግን ያተረፈኝ ማን እንደሆነ አላውቅም። እንደገና ብጠራም፣ አቤት ልበል አልበል እስከዛሬ አልወሰንኩም።