ከመረቡ የወጣችው ኤሊ

አባቷ መረቡን አሸዋው ላይ ሲያራግፍ ከዓሣዎቹ መሀል አንዲት የፕላስቲክ ኤሊ ዱብ አለች። ልጅቷ ጎንበስ ብላ አነሳቻት። ጀርባዋ የተጨፈለቀ የውሃ ጠርሙስ፣ እግሮቿ የፌስታል ቁራጭ፣ ስፌቷ ቀይ ክር ነው። የገዛ እጇ ስፌት እንዴት ይጠፋታል?

ኤሊዋን የሠራችው ባለፈው ወር ለትምህርት ቤቱ ዐውደ ርዕይ ነበር። እሷና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማትለያት ጓደኛዋ ድምቡሼ ከባሕሩ ዳር ፕላስቲክ ሲለቅሙና ሲያጥቡ ከርመው፣ አንዱን ክፍል በሰማያዊ ጨርቅ አጨልመው ሁሉንም ከጣሪያው አንጠለጠሉት። ሰው ባሕር ውስጥ የገባ ያህል በቆሻሻው መሀል እየተሽሎከለከለ ያልፍ ነበር። አንዲት እናት እንባዋን እየጠረገች ወጥታለች። ሁለቱም በር ላይ ቆመው አንዲት ቁራጭ እንኳ ወደ ባሕር እንደማትመለስ ለተመልካቹ ሁሉ ቃል ገቡ።

ሲያበቃ ድምቡሼ «የአጎቴ መኪና አለ፤ ለእኔ ተዪው» ብላ ፕላስቲኩ የታጨቀባቸውን ጆንያዎች ወሰደች። በማግስቱም ፕላስቲክ አቅልጦ ዕቃ የሚሠራው ፋብሪካ እንደተቀበላት፣ ዘበኛው ሳይቀር እጇን ጨብጦ እንዳመሰገናት አንድ በአንድ አወራቻት። ልጅቷም ይህንኑ ለአባቷ በኩራት ተርካለት ነበር።

አሁን አባቷ ምን እንደሆነች ሲጠይቃት ኤሊዋን ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። ደወሉ አልተደወለም፤ ክፍል ውስጥ ድምቡሼ ብቻዋን ነበረች። ኤሊዋን ፊቷ አስቀመጠችላት።

ድምቡሼ ሳቅ ልትል ሞከረችና አቀረቀረች። ፋብሪካው ዝግ ነበር አለች። አጎቷ ስለቸኮለ ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ወደ ባሕሩ የሚወርደው ወንዝ ውስጥ ገለበጡት።

«ዘበኛውስ?» አለች ልጅቷ።

«የምን ዘበኛ?»

«አመሰገነኝ ያልሽኝ።»

ድምቡሼ ኤሊዋን በጣቷ ገፋ አደረገቻት። «እንዳይከፋሽ ብዬ እኮ ነው። ደግሞ ማን ያውቃል? አታካብጂ በቃ» አለች።

ልጅቷን ከፕላስቲኩ መጣል በላይ ያንገበገባት ያ ዘበኛ ነበር። ጓደኛዋ ቁጭ ብላ፣ አስባ፣ የሌለ ሰው ፈጥራላታለች።

የሥዕል መምህራቸው ዐውደ ርዕያቸው ለሚቀርብበት የከተማው ውድድር የሚላከውን ቅጽ ይዘው ገቡ። ዛሬ ካልተላከ አዘጋጆቹ እንደማይቀበሉ ነገሯቸው። «ዕቃው ከዐውደ ርዕዩ በኋላ የት ደረሰ?» ከሚለው ሥር ድምቡሼ «ለፋብሪካ ተሰጠ» ብላ ትናንት ሞልታ ፈርማለች። የቀረው የልጅቷ ፊርማ ነው።

ድምቡሼ ከዴስኩ ሥር እጇን ጥብቅ አድርጋ ያዘቻት።

ልጅቷ እጇን ቀስ ብላ አስለቀቀች። እስክሪብቶውን ተቀብላ መልሱን ሰረዘች፤ ከጎኑም «ባሕር ውስጥ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ፈረመች።