የኤኔሌሲ ሁለተኛ ሠርግ

ኤኔሌሲ ዞምባ ከተማ ውስጥ ሠላሳ ዓመት አዋላጅ ሆና ሠርታለች። ባሏ ከሞተ በኋላ ግን ቤት መዋል አበዛች፤ ቤተ ክርስቲያን እንኳ መሄድ ተወች። በሁለተኛው ዓመት ቃላት ይጠፏት ጀመር። አንድ ቀን ልጇን ሊምባኒን በሟች ወንድሟ ስም ጠራችው።

ሊምባኒ ደንግጦ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

«መርሳቱን አቆመዋለሁ ብዬ አልዋሽዎትም» አላት ሐኪሙ። «ግን ብቸኝነት አእምሮን ይጎዳል። ሰው መሃል ይዋሉ፤ ይጫወቱ፤ ይከራከሩ።»

ሊምባኒ ብላንታየር ከተማ ወዳለው ቤቱ ሊወስዳት ፈለገ። እሱና ሚስቱ ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ናቸው፤ ኤኔሌሲ ደግሞ እዚያ ሌላ ማንንም አታውቅም። እስከ ወር መጨረሻ እንዲታገሳት ለመነችው።

በማግስቱ ገበያ ዳር፣ ሽማግሌዎች ባዎ የሚሉትን ገበጣ ወደሚጫወቱበት ዛፍ ሄደች። ጡረተኛው የአውቶቡስ ሹፌር ጆናሲ ቀና ብሎ አያት።

«እመቤት፣ መንገድ ጠፋብዎት?»

«አልጠፋብኝም። ፍሬውን ይደርድሩ፤ ላሸንፍዎ ነው የመጣሁት።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ተሸነፈች። በነጋታውም ተመልሳ ተሸነፈች። በሦስተኛው ሳምንት ግን አሸነፈች። «እርስዎ» መባባሉ መቼ እንደቀረ ሁለቱም አላስተዋሉም።

«አውቀህ ነው የተሸነፍከው?»

«እኔ? ለእናቴም አልሸነፍ! አንቺ ስትስቂ ግን ቁጥር ይጠፋኛል።»

ኤኔሌሲ አቀረቀረች። መልስ ፈለገች፤ በዚህ ጊዜ ግን ቃል የጠፋት በመርሳት አልነበረም።

ወሬው ደርሶት ሊምባኒ ተቆጥቶ መጣ።

«በዚህ ዕድሜሽ ከወንዶች ጋር ዛፍ ሥር! ሰው ምን ይላል?»

«ይበል፣ ልጄ! ሁለት ዓመት ሙሉ እኔን ብሎ የሚያነሳኝ ሰው አልነበረም።»

ሊምባኒ ከሰዓት ተከትሏት ሄዶ፣ ስትከራከር፣ ስትቀልድ፣ የሁሉንም ስም እየጠራች ስታበሽቃቸው ራቅ ብሎ አያት። ወደ ብላንታየር ብቻውን ተመለሰ።

ጆናሲ ሽማግሌ እልካለሁ ያላት ዝናቡ ሲገባ ነው። ኤኔሌሲ ቀና ብላ አየችው።

«አሁንም እኮ እረሳለሁ። አንድ ቀን አንተንም ብረሳህስ?»

«ያኔ እንደ አዲስ እለምንሻለሁ። ዘንድሮ ተለማምጄ የለ!»

ሽማግሌዎቹ በእሑዱ መጡ። ሠርጉ ትንሽ ነበር፤ ዘፈኑ ግን መንደሩን ሞላው። ሊምባኒ የእናቱን እጅ ይዞ ወደ ጆናሲ አመጣት። ሊናገር ያሰበው ብዙ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን ሁለት ቃል ብቻ ነው።

«አባባ፣ አደራ።»