በገዛ እጄ የፈተልኩት ማሰሪያ

ማዕረግን ያወቅሁት ከመንደራችን በላይ ባለው የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ በተዘጋጀው የዱር እንስሳት በዓል ነው። ጥቅምት ነበር፤ ውርጩ አጥንት ይሰብራል። ድንኳን ውስጥ ተኮልኩለን ስለ ቀይ ቀበሮ የሚሰጥ ሥልጠና እንሰማለን። አሠልጣኙ እሱ ነው፤ የጥብቅ ሥፍራው ጠባቂ፣ የቀየት መንደር ልጅ።

«ቀይ ቀበሮ ምን እንደሚበላ የሚነግረኝ አለ?»

«የኛን በግ!» አልኩ ከሴቶቹ መሐል። ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ።

«አይጥ ነው የሚበላው፣ እህቴ። በግሽን የበላው ጅብ ነው።»

«አንተ ደግሞ የቀበሮ ጠበቃ ነህ?»

«ነኝ እንጂ። እሱ ራሱ መናገር አይችል!» አለና አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ በኋላ ያስተማረውን ግማሹን አልሰማሁም።

ሥልጠናው ሦስት ቀን ቆየ። በሁለተኛው ቀን እስከ መንደራችን መታጠፊያ ሸኘኝ።

«ስምሽን ሳትነግሪኝ ልትገቢ ነው?»

«ይመኙሻል።»

«ስም ያወጣልሽ ሰው አልተሳሳተም» አለ። እየሳቅሁ ሮጬ ገባሁ።

በመጨረሻው ቀን የመንደሩ ውሾች ተከተቡ። የእብድ ውሻ በሽታ ከውሻ ወደ ቀበሮ እየተላለፈ ዘሩን ይፈጃል፣ ሰውም ይገድላል ተብለናል። ለተከተበ ውሻ አንገቱ ላይ ቀይ ማሰሪያ ይታሰርለታል።

አባቴ አቶ ይታየው ግን ውሻችንን ቦራን በረት ውስጥ ዘጉበት። «የተከተበ ውሻ ይፈዛል። ጅብ ሲመጣ ማን ሊጮህልኝ ነው፣ ያ ጎረምሳ?» አሉ።

ያ ጎረምሳ ሽማግሌ ሊልክ ቃል እንደገባልኝ አላወቁም። ማዕረግ ደግሞ በክትባት ነገር ለማንም አይመለስም። ሁለቱ ከተጣሉ የኔ ነገር እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ብልጥ ነኝ ብዬ፣ እኔ ሞኟ፣ የበግ ፀጉር ፈትዬ፣ ቀይ ቀለም ውስጥ ነክሬ ማሰሪያ ሠራሁና ቦራ አንገት ላይ አሰርኩ። ማዕረግ የተከተቡትን ሊያጣራ ቤት ለቤት ሲዞር አየና «ጎሽ!» ብሎ አለፈ። ደስ አለኝ።

በኅዳር ሽማግሌዎቹ መጡ። ሰባት ቤት ተቆጠረ፤ ዝምድና አልተገኘም። ሠርጉ ለጥር መጨረሻ ተቀጠረ።

በታኅሣሥ መጀመሪያ ማዕረግ አባቴን ሊጠይቅ መጣ። ቦራ ከደጅ ተነሳና፣ ያለወትሮው ሳይጮህ፣ ባቱን ነከሰው።

«ጤና ጣቢያ ሂድ!» ብዬ ጮህኩ።

«ለምኑ? የተከተበ ነው፤ ቀዩን ማሰሪያ አላየሽም?» እየሳቀ ደሙን ጠረገ። «አማቹን ሊተዋወቅ ፈልጎ ነው።»

አባቴ አጠገባችን ቆመው ነበር። አየኋቸው፤ አዩኝ፤ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን።

ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በማግሥቱ ቦራ ጠፋ። «ጅብ በልቶት ይሆናል» አሉ አባቴ፤ ማመን ስለፈለግሁ አመንኩ። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ስል ስድስት ሳምንት አለፈ። ሠርጌ እንዳይፈርስ ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ሠርጉ አምስት ቀን ሲቀረው ማዕረግ ታሟል ተብዬ ተጠራሁ። ባና፣ የበግ ፀጉር ብርድ ልብሱን፣ ተከናንቦ ተኝቷል። እናቱ እትዬ ጌታነሽ ውሃ በጣሳ ሲያቀርቡለት ጉሮሮውን ተናነቀውና ጣሳውን ገፋው። ሥልጠናው ላይ ራሱ የነገረን የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት ነው። እናቱ ሰው ሊጠሩ ሲወጡ ወደ እኔ ዞረ።

«እንዴት ሊሆን ይችላል? ውሻው ተከትቧል እኮ።»

«አልተከተበም። ማሰሪያውን የፈተልኩት እኔ ነኝ።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። 

«ከኛዎቹ ይልቅ ያምራል ብዬ ነበር» አለ።

እግሩ ሥር ተደፋሁ። «ይቅር በለኝ፣ ማዕረግ! ይቅር በለኝ!»

«አሁን ማልቀሱ ለኔ አይረባኝም። ለሌላው ድረሺ። ከርሞ ድንኳኑ ውስጥ ቆመሽ ተናገሪ።»

«ሰው ምን ይለኛል?»

«ያሻውን ይበልሽ።»

ሆስፒታል ወሰዱት፤ ጊዜው አልፏል ተባለ። በሦስተኛው ቀን አስከሬኑ ቀየት ገባ። ለሠርጋችን የተጠመቀው ጠላ ለለቅሶተኛ ተቀዳ።

ዘንድሮ በዓሉ ሲመለስ ድንኳኑ ውስጥ ቆምኩ። እትዬ ጌታነሽ ጥቁር ለብሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጠዋል። ከፈትሉ እስከ ጣሳው፣ አንድም ሳላስቀር ተናገርኩ። እናቱ ተነስተው ወጡ። ከዚያ ወዲህ አያናግሩኝም፤ እውነታቸውን ነው።

ስወጣ አባቴ አዲሱን ቡችላችንን በገመድ ይዘው የክትባቱ ሰልፍ መጀመሪያ ላይ ቆመዋል። ተከተበ፤ ማሰሪያው ታሰረለት። ጎንበስ ብዬ በጣቴ ዳሰስኩት። የፋብሪካ ናይለን ነው፤ ሻካራ፣ አስቀያሚ።

«ጠበቀበት እንዴ?» አሉ አባቴ፣ ሳያዩኝ።

«አይ፣ ደህና ነው፣ አባባ» አልኳቸው።